ምስጥ ግቢ ውስጥ ሲገኝ ቤትን እንዴት መጠበቅ ይቻላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቆላና ወይና ደጋ ላይ ቤት ካላቸው ወይም ሊሠሩ ካሰቡ ሰዎች ዘወትር የሚሰሙ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

ግቢዬ ውስጥ ምስጥ አየሁ። ቤቴ እየተበላ ነው ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ 60 ገደማ የምስጥ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ቤትና ሰብል የሚያጠቁት ከእነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት የደረቀ ሣር፣ የወደቀ ቅጠል፣ የበሰበሰ ጉቶና ፋንድያ እየበሉ አፈሩን ሲያላውሱ ይኖራሉ። በወለጋ፣ በጋምቤላ፣ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ወይም በመተማ ቆላ ምስጥ የማይገኝበት ግቢ መፈለግ ድካም ነው።

ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር አይችልም። ከአፈር ወደ እንጨት የሚሻገረው ተሸፍኖ ነው። የቤቱ እንጨት አፈር የሚነካበት ቦታ ካለ ወይም ሳይታይ የሚወጣበት ስንጥቅ ካገኘ ይገባል፤ ካላገኘ ደግሞ ሥራውን በገሃድ መሥራት ይኖርበታልና ይያዛል። ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው ይህን መሻገሪያ ስለ መቁረጥ ነው፤ መድኃኒት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምስጥ ነው ወይስ ጉንዳን? በምን ልለየው?

ወገቡን ይመልከቱ። የጉንዳን ወገብ ተቀንጥሶ ሊወድቅ የደረሰ ያህል ቀጭን ነው፤ ምስጥ ግን ከደረቱ እስከ ሆዱ አንድ ወጥ ነው። የጉንዳን አንቴና መሐል ላይ ይታጠፋል፣ የምስጡ ቀጥ ያለ ነው። ሠራተኛው ምስጥ ነጣ ያለና ለስላሳ ሲሆን ወታደሩ ራሱ ትልቅና ቡናማ፣ መንጋጋውም ስለታም ነው። ኩይሳ የሚሠሩት የትልልቆቹ ዝርያዎች ወታደር ጣት ላይ ከተጣበቀ ደም ያወጣል።

ዝናብ ሲጥል ከመሬት የሚፈላው አሸን ቤቱን ያጠቃል?

ባለ ክንፉ ምስጥ እንጨት ሊበላ አይደለም የወጣው። ጥንዱን ፈልጎ፣ ክንፉን አራግፎ፣ መሬት ገብቶ አዲስ ጎጆ ለመመሥረት ነው። አብዛኛው በወፍ፣ በዶሮ፣ በጉንዳንና በእንሽላሊት ይበላል። የተረፉት ጥንዶችም ቤት የሚያሰጋ መንጋ ለማፍራት ዓመታት ይፈጅባቸዋል። በመብራት ተስቦ በመስኮት የገባ አሸን በመጥረጊያ ይጠረጋል፤ በቃ።

የሚያስደነግጠው ከክፍሉ ወለል ወይም ከግድግዳው ስንጥቅ ሲወጣ ነው። መስኮቱ ተዘግቶ አድሮ ጠዋት ደፉ ላይ የረገፈ ክንፍ ተከምሮ ካገኙ፣ ጎጆው ከቤቱ ሥር ወይም ከግድግዳው ውስጥ ነው ብለው ይጀምሩ።

ቤት ውስጥ መግባቱን እንዴት አውቃለሁ?

የመጀመሪያው ምልክት እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ከመሬት ተነስቶ በመሠረቱ ድንጋይ ላይ ሽቅብ የሚሄድ የአፈር መስመር ነው። ቀለሙ የግቢው አፈር ቀለም ነው፤ ቀይ አፈር ባለበት በነጭ ግድግዳ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ በጭቃ ምርጊት ላይ ግን ዓይን የለመደው ካልሆነ አያየውም። አንዱን ቦታ በሚስማር ሰብረው ይክፈቱት። ነጫጭ ሠራተኞች ሲሯሯጡ ካዩ መንገዱ በሥራ ላይ ነው። ባዶ ከሆነ ምልክት አድርገው ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ይመለሱ፤ በእርጥብ አፈር ተደፍኖ ካገኙት መልሱን አገኙ። ሳይደፈን ቢቀርም ቤቱ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ሌላ መንገድ ቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ ካቻቪቴ ይዞ መዞር ነው። የበር መቃን እግሩ ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ የመታጠቢያና የወጥ ቤት በሮች፣ ከደረጃ ሥር ያለ ጣውላ፣ ግድግዳ ታክኮ የቆመ ቁም ሣጥን ጀርባ፣ ወራጁ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ጫፍ ይፈተሽ። በካቻቪቴው እጀታ መታ መታ ያድርጉ፤ ድምፁ ባዶ ከሆነ ጫፉን ይጫኑት። ምስጥ እንጨቱን ከውስጥ ፈጅቶ ቀለሙንና ስስ ቅርፊቱን እንዳለ ይተዋል። መቃኑ ለዓይን ደህና መስሎ ካቻቪቴው እስከ እጀታው ሲሰምጥ ማየት የተለመደ ነው። ከውስጡ የሚፈሰው በእንጨቱ ፋንታ የተሞላ አፈር ነው።

ኮርኒሱን አይርሱ። መሬት ላይ ምንም ያልታየበት ቤት ጣራው ውስጥ ወራጆቹ ባዶ ሆነው ይገኛሉ።

እንጨቱ ነጭ ዱቄት ያራግፋል። ይህም ምስጥ ነው?

አይመስልም። ትንንሽ ክብ ቀዳዳና ከሥሩ የተጠራቀመ ደቃቅ ዱቄት የእንጨት ነቀዝ ምልክት ነው። ቤት የሚያጠቃው የአገራችን ምስጥ አብዛኛው አፈር ይዞ ይገባል እንጂ ዱቄት አያራግፍም። ሕክምናቸው የተለያየ ስለሆነ ሳይለዩ መድኃኒት አይግዙ።

መድኃኒት ሳልገዛ ግቢው ላይ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ብዙ። ገንዘብ የማይጠይቀው ሥራ ትልቁን ድርሻ ይዟል። ከግድግዳው ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ምንም እንጨት ነክ ነገር እንዳይኖር ያድርጉ። የማገዶው ፍልጥ፣ ከግንባታ የተረፈው አጣናና ሞራሌ፣ ጭዱ፣ ካርቶኑ፣ የዶሮ ቤቱ በረት ሁሉ ከግድግዳው ይራቅ፤ ፍልጡም ከመሬት ከፍ ባለ ብረት ወይም ድንጋይ ላይ ይደርደር። ግድግዳ ታክኮ የተከመረ ፍልጥ ከታች በኩል ከአፈር፣ ከጎን በኩል ከቤቱ ጋር ስለሚያገናኝ ከዚያ የተሻለ ድልድይ ምስጥ ራሱም አይሠራም።

የእንጨት አጥር የሚያልቀው በቤቱ ግድግዳ ላይ ከሆነ የመጨረሻዎቹን ቋሚዎች በብረት ይተኩ። ለአበባ ወይም ለጎመን ተብሎ ግድግዳው ሥር የተቆለለ አፈር መሠረቱን አልፎ ምርጊቱን ከነካ ዝቅ ይበል። ከጣራ የሚወርደው ውኃ፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧና የልብስ ማጠቢያው ፍሳሽ ከመሠረቱ ይራቅ፤ እርጥበት ምስጡን በበጋም ከቤቱ ሥር ያቆየዋል። የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ቤቱ አጠገብ ካለ ይነቀል።

አሁን ደግሞ የሚያከራክረው። ግቢውን እስከ ጥግ ድረስ ጠርጎ ባዶ መሬት ማድረግ ጥሩ አይመስለኝም። በምዕራብ ወለጋ የምስጥ ጉዳት ከተባባሰባቸው ምክንያቶች አንዱ ሆኖ የሚጠቀሰው ሣሩና ቅጠሉ በግጦሽና በማረስ መመናመኑ ነው፤ የሚበላው የደረቀ ነገር ያጣ ምስጥ ወደ ሰብልና ወደ ቤት ዞረ። ስለዚህ ቤቱ ዙሪያ ንጹሕ ይሁን፣ የግቢው ሩቅ ጥግ ላይ ያለ የረገፈ ቅጠልና ጉዝጓዝ ግን ይቆይ።

የተቃጠለ ዘይት፣ አመድ፣ ነጭ ጋዝ፣ ጨው ይሠራሉ?

የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተቀባ ቋሚ ለጊዜው ይጠበቃል። ችግሩ ዘይቱ ላዩን እንጂ ውስጡን አለመያዙ ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ምስጡም በስንጥቁ ይገባል። ከዚህ በተጨማሪ በዘይቱ ውስጥ ያለው ብረታ ብረትና ሌላ መርዝ ወደ አፈሩ ይወርዳል። ጓሮዎ ውስጥ ጎመን የሚተክሉ ከሆነ አልመክርም።

የቋሚውን እግር በእሳት መለብለብም የቆየ ዘዴ ነው፤ ትንሽ ያዘገያል። አመድ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ያስቸግራቸዋል፣ አንድ ዝናብ ግን ያጥበዋል። ነጭ ጋዝ የነካውን ይገድላል፣ ጎጆው ጋ አይደርስም፤ የጭቃና የእንጨት ቤት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ደግሞ ከምስጥ የከፋ አደጋ ነው። ጨው አፈሩን ያበላሻል፤ ሌላ ጥቅም የለውም።

ኩይሳውን አፍርሼ ንግሥቲቱን ካወጣሁ ነገሩ ያልቃል?

በትክክል ከተሠራ ያ ኩይሳ ይሞታል። በምዕራብ ወለጋ፣ በመነሲቡና በአካባቢው፣ ገበሬዎች ተባብረው ኩይሳ እየቆፈሩ ንግሥት ሲያወጡ ኖረዋል። ንግሥቲቱ የምትገኘው ከወፍራም ጠንካራ አፈር በተሠራ ዝግ ክፍል ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከመሬት ወለል በታች ነው። ጣት የምታህል ነጭ ናት፤ ሆዷ ከማበጡ የተነሣ መንቀሳቀስ ያቅታታል፣ በቀን እንቁላል በሺህ ትጥላለች። ንጉሡም አጠገቧ ነው። አናቱን አፍርሶ መተው ትርፉ ድካም ነው፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መልሰው ይገነቡታል።

ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። አንዳንድ ኩይሳ ከአንድ በላይ ንግሥት አለው፤ አንዷን አግኝቶ መደሰት አያዋጣም። ምግብ ፈላጊዎቹ ከኩይሳው እስከ 50 ሜትር ሊርቁ ስለሚችሉ ቤትዎን የሚበላው ምስጥ ግቢዎ ውስጥ ከሚታየው ኩይሳ የመጣ ላይሆን ይችላል። ደግሞም መሬት ላይ ምንም ጉብታ የማያሳዩ ዝርያዎች አሉ። ለሚቆፍረው ሰው፦ በአሮጌ ኩይሳ ቀዳዳ ውስጥ እባብ መኖሩ የተለመደ ነው፤ እጅ አይከተት።

ቤቴ የብሎኬት ነው። ሥጋት አለብኝ?

አለብዎት፣ ግን ያነሰ ነው። ብሎኬቱን አይበላውም፤ በብሎኬቱ ባዶ ሆድ ውስጥ ግን ሳይታይ እስከ ጣራው ይወጣል። 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስንጥቅ ይበቃዋል። የውኃና የመብራት ቧንቧ ወለሉን የሚበሳበት ዙሪያ ዋናው በር ነው።

አዲስ ቤት ልሠራ ነው። ምን ላድርግ?

ምስጥን ለመከላከል ከዚህ የረከሰ ጊዜ አያገኙም። ቦታው ሲጠረግ ሥርና ጉቶ ይውጣ። ከዚያ አናጺዎቹንና ግንበኞቹን ይቆጣጠሩ፤ የአርማታ ጣውላ ስብርባሪ፣ የችካል ጫፍ፣ የሲሚንቶ ከረጢት መሠረቱ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ አፈር ይለብስበታል። ይህ ከወለሉ ሥር ለምስጥ የተቀበረ ስንቅ ነው። ሙሌት ከመጀመሩ በፊት ጉድጓዱን ራስዎ ይመልከቱ።

የድንጋይ መሠረቱ በሲሚንቶ ይገንባ፤ በጭቃ የተገነባ መሠረት ለምስጥ ወንፊት ነው። ከመሬት ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ አናቱም ላይ ያልተቆራረጠ የአርማታ ቀበቶ ይፍሰስበት። የጭቃ ቤት ከሆነ ቋሚዎቹን መሬት ውስጥ ከመትከል ይልቅ መሠረቱ ላይ በብረት እግር ማቆም ይሻላል። አናጺው «ሳይተከል አይጸናም» ሊልዎ ይችላል፤ ማዕዘኖቹ በአግድም እንጨትና በሰያፍ ከታሰሩ ይጸናል። ቋሚውን አፈር ውስጥ አስገብቶ ዙሪያውን አርማታ ማፍሰስ መፍትሔ አይደለም፤ እንጨቱ ሲደርቅ ስለሚኮማተር በመሐሉ የሚቀረው ክፍተት ጥሩ መተላለፊያ ይሆናል።

ለጭቃው የሚቦካው ጭድም ምግብ መሆኑን አይዘንጉ። የታችኛው ክፍል ምርጊት ላይ የሲሚንቶ ልስን ቢደረግ፣ የቤቱ ዙሪያም አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው የሲሚንቶ ንጣፍ ቢታሰር፣ ምስጡ ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል። የታችኛው ወለል የበር መቃን ብረት ቢሆን ወጪው አያስቆጭም።

የትኛውን እንጨት ምስጥ አይበላውም?

ፈጽሞ የማይበላው የለም፤ የሚቆይ ግን አለ። የሐበሻ ጥድና ወይራ ልባቸው ጠንክሮ ይቋቋማል፤ የዳር ዳሩ ነጭ ክፍል ግን ከማንኛውም እንጨት አይሻልም። ሁለቱም ዛሬ እንደ ልብ አይገኙም፣ ደናቸውም ተመናምኗል። አብዛኛው ሰው የሚሠራበት ባሕር ዛፍ፣ በተለይ በለጋነቱ የተቆረጠው ቀጭን አጣና፣ ለምስጥ ደካማ ነው። በግፊት መድኃኒት የጠጣ ባሕር ዛፍ ካገኙ፣ የመብራት ምሰሶ የሚሠራበት ዓይነት፣ ከአፈር ጋር ለሚነካካው ክፍል እሱን ይጠቀሙ። ሲቆርጡት ግን መድኃኒት ያልደረሰው ውስጡ ስለሚጋለጥ የተቆረጠው ጫፍ ወደ አፈር አይዙር።

መድኃኒት መጠቀም ካለብኝ የትኛውን፣ እንዴት?

ለምስጥ አፈር የሚታከምባቸው መድኃኒቶች በሁለት ይከፈላሉ። እንደ ባይፈንትሪንና ሳይፐርሜትሪን ያሉት ምስጡን ያሸሻሉ፤ ቀለበቱ ሙሉ ከሆነ ይሠራሉ፣ አንድ ቦታ ከተዘለለ ግን በዚያ ይገባል። እንደ ፊፕሮኒልና ኢሚዳክሎፕሪድ ያሉትን ምስጡ አይለያቸውም፤ አልፎባቸው ይሄዳል፣ ለጓደኞቹም ያካፍላል። ለተሠራ ቤት የኋለኞቹ ይመረጣሉ። በኢትዮጵያ ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ አዋጅ ቁጥር 674/2002 ይደነግጋል፤ ስለዚህ ምዝገባውና መመሪያው ያልተጻፈበት ጠርሙስ አይግዙ።

አፈጻጸሙ ይህ ነው፦ በግድግዳው ዙሪያ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈራል። በመመሪያው መጠን የተበጠበጠው መድኃኒት በአንድ ሜትር ርዝመት 5 ሊትር ገደማ ይፈስሳል፤ ሲመለስ የሚሞላው አፈርም እየተረጨ ይሞላል። 6 በ8 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 28 ሜትር ነው፤ 140 ሊትር ብጥብጥ ይጠይቃል፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ሰባት ጀሪካን። አንድ ሰው ባለ 16 ሊትር መርጫ ተሸክሞ ግድግዳውን አርሶ «ጨርሻለሁ» ቢልዎ አልጨረሰም። አዲስ ቤት ላይ ደግሞ ወለሉ ከመፍሰሱ በፊት የተደለደለው አፈር በካሬ ሜትር 5 ሊትር ገደማ ይጠጣል።

ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ የግድ ነው። ዝናብ ሊጥል ሲል አይረጭም። የተሠራውን ወለል በስቶ ማስረጨት ለባለሙያ ይተው።

በገበያ የሚሸጥ ርካሽ ነጭ ዱቄት አለ። ዲዲቲ ነው ይላሉ። ልጠቀም?

አይጠቀሙ። አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር በአንድ ወቅት በዓለም ሁሉ የምስጥ መድኃኒት ነበሩ። አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት አለመጥፋታቸው ያስመሰግናቸው ነበር፤ በወተትና በእናት ጡት ውስጥ መገኘታቸው ደግሞ አስወገዛቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው፣ ቶሎ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት እነዚህን አገደ፣ ዲዲቲንም እንደ ወባ ትንኝ ላሉ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳት መከላከያ ብቻ ወሰነ። ብዙ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው ክሎርፓይሪፎስም እ.ኤ.አ. በ2025 በዚያው ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በስኳር ከረጢት ተቋጥሮ በማንኪያ የሚሸጥ ነገር ውስጡ ምን እንደሆነ ሻጩም አያውቀውም።

ግቢው ውስጥ የውኃ ጉድጓድ፣ የንብ ቀፎ፣ ዶሮዎች አሉ። ይረጫል?

ጉድጓዱ ከቤቱ አጠገብ ከሆነ በዚያ በኩል አፈሩን በመድኃኒት አያርሱ፤ በዚያ ወገን የሲሚንቶ ንጣፍና የብረት እግር ይሥሩ። ፊፕሮኒልና ኢሚዳክሎፕሪድ ለንብ አደገኛ ናቸው፤ አበባ ላይ ጠብታ እንዳያርፍ፣ ቦዩም ወዲያው በአፈር እንዲሸፈን ያድርጉ። ዶሮዎቹ ቦዩ ተደፍኖ አፈሩ እስኪደርቅ ይታሰሩ፤ የተመረዘ ምስጥ ለቅመው መብላታቸው አይቀርምና። ባዶው ዕቃ ታጥቦ የዘይት ወይም የጠላ መያዣ እንዳይሆን ይበሳ።

አንድ ጊዜ ከተረጨ ስንት ዓመት ይቆያል?

አምራቾች ለአንዳንዶቹ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይላሉ። ሙቀትና ጎርፍ ያሳጥሩታል። ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ግን መቆፈር ነው፤ ከዓመት በኋላ ለቧንቧ ተብሎ ቦዩ ሲቆረጥ ቀለበቱ እዚያ ላይ ይከፈታል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረምና በጋው ሲከር በየካቲት፣ ካቻቪቴዎን ይዘው ይዙሩ።

ኩይሳው የጎረቤቴ ነው፤ አላስነካም ቢለኝስ?

የእሱን ኩይሳ መግደል የእርስዎን ቤት ብቻውን አያድንም፤ ስለዚህ ጠብ ውስጥ ከመግባት በፊት የራስዎን ዙሪያ ይጨርሱ። ከዚያ በኋላ የራሱን በር መቃን አብራችሁ ብትፈትሹ ልቡ ቶሎ ይለሰልሳል። በሌሊት ሄዶ መድኃኒት ማፍሰስ ግን ከባድ ነገር ነው፤ ልጆቹ የሚጫወቱበት፣ ከብቱ የሚግጥበት መሬት ነው።

የምኖረው ውጭ አገር ነው። ቤቱ ተዘግቶ ይከርማል።

ተዘግቶ የከረመ ቤት ለምስጥ ይመቸዋል፤ ጨለማና ጸጥታ አለ፣ የሚያይ የለም። ወለል ላይ በካርቶን የተቀመጠ መጽሐፍ፣ ሰነድና ልብስ መጀመሪያ ይበላል፤ ሁሉም በብረት መደርደሪያ ላይ ይሁን። ቁም ሣጥንና አልጋ ከግድግዳው አንድ ክንድ ይራቁ። ቁልፍ የያዘው ዘመድ ወር በገባ ቁጥር መስኮት ከፍቶ፣ የእያንዳንዱን በር መቃን እግር በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። «ቤቱ ደህና ነው» የሚል ቃል አይበቃም፤ ዘመድ ሲባል የሚያስጨንቅ ነገር መናገር አይወድም።

የተበላውን ቋሚ ልቀይረው ወይስ ልተወው?

ማዕዘን የያዘ ወይም ጣራ የተሸከመ ከሆነ ይቀየራል። ካቻቪቴው በቀላሉ የሚሰምጠው እግሩ ብቻ ከሆነና ላይኛው ክፍል ከጠነከረ የተበላውን ቆርጦ በድንጋይና በብረት እግር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ሁልጊዜም አስቀድሞ ጣራው በድጋፍ ይያዝ፤ ባዶ የሆነ ቋሚ ሲነካ በድንገት ይሸሻል።

መጀመሪያ አፈሩ ይታከማል፣ ከዚያ እንጨቱ ይቀየራል። በተገላቢጦሹ ከሠሩት አዲሱን ቋሚ መገቡ ማለት ነው። የወጣውን እንጨት ግቢ ውስጥ አይጣሉት፣ አይቅበሩትም፤ ያቃጥሉት። ዘይት ወይም መድኃኒት የጠጣ ከሆነ ግን ለእንጀራ ምጣድ አይሁን።